ይድረስ ለወዳጄ፤ ስለ ነጭ ዓሣው መንገድ

ከአዳማ፣ ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለታደሰ፤ እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም፤ ይቅር በለኝ። ወደ ጣና በሚፈሰው በጉማራ ገባር ላይ የወንዝ ጠለፋ፣ ማለትም ውኃውን አግዶ ወደ መስኖ ቦይ የሚመልስ ዝቅተኛ ግንብ፣ ልትሠሩ መሆኑን ሰማሁ። ንድፉ ሳይጸድቅ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ ፈልጌ ነው።

ግድብ ዓሣ ያበዛል የሚሉ ሰዎች እዚህ እኛ ጋ ያለውን የቆቃ ግድብ ይጠቅሳሉ። ሐሰት አይደለም። አዋሽ እዚህ ከተገደበ ከ1960 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቆሮሶ፣ አምባዛና ዱባ የምንለው ካርፕ ከሐይቁ ይወጣል። ግን ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል የተኛ ውኃ ይስማማታል። የእናንተ የጣናው ነጭ ዓሣ (በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ) ግን ወራጅ ውኃ ካላገኘ አይራባም። ገበያው በቆሮሶ ሲሞላ ነጭ ዓሣው መጥፋቱን የሚያስተውል የለም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያ አለው። ቢያንስ 7ቱ በሐምሌ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ሌሎቹን ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላል የሚጥሉት በትንንሾቹ ገባሮች፣ ጥልቀት በሌለው ጠጠር ላይ ነው። ጎንበስ ብለህ አንድ እፍኝ ጠጠር ብታነሣ ምክንያቱ ይገባሃል፤ እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ይወድቅና በክፍተቱ የሚያልፈው ንጹሕ ውኃ ኦክስጅን ያደርስለታል። ስስ ደለል ክፍተቱን ከደፈነው ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ከግንቡ ኋላ የተጠራቀመውን ደለል ጠርጎ የሚያወጣውን የማጠቢያ በር በነሐሴና በመስከረም አትክፈቱት፤ ከታች ያለውን እንቁላል ትቀብሩታላችሁ። ማጠብ ካለባችሁ በሰኔ መጨረሻ፣ በመጀመሪያው ድፍርስ ጎርፍ ይሁን።

አሁን ወደ ግንቡ ልምጣ። ቁመቱ 1.5 ሜትር ከሆነ የዓሣ መተላለፊያ ይሠራለታል፤ ይህም እንደ ደረጃ የተደረደሩ፣ በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ስንጥቅ የሚገናኙ ገንዳዎች ማለት ነው። በገንዳና በገንዳ መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ከ15 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፤ 10 መውረጃ ማለት ነው። በዚህ ልክ ውኃው በስንጥቁ ሲያልፍ በሴኮንድ 1.7 ሜትር ይሮጣል። ልዩነቱን 30 ሳንቲ ሜትር ካደረጋችሁት ፍጥነቱ 2.4 ይደርስና ትንንሾቹ ይሸነፋሉ። ይዘላሉ ብላችሁ አትተማመኑ። ስንጥቁ ከወለል እስከ ላይ ቀጥ ብሎ የተከፈተ ይሁን፤ ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም ይሠራል፣ ወለል ወለሉን የሚሄደው አምባዛም ያልፍበታል።

ብዙ መሐንዲስ የሚስተው የመተላለፊያውን የታች መግቢያ ነው። ዓሣው ጅረቱን ተከትሎ ግንቡ ሥር ይደርስና እዚያው ይርመሰመሳል፤ 20 ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ በር አይፈልግም። መግቢያው ግንቡ ሥር፣ ዳርቻውን ተጠግቶ ይሁን፤ የሚወጣውም ውኃ ዓሣውን የሚስብ ጅረት ይኑረው። ጎርፍ ግንቡ ሥር ያለውን አፈር ሲያጥበው መግቢያው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ታችኛውን በትልልቅ ድንጋይ አጠንክሩት። በክረምት ስንጥቁን ከጭራሮ የሚያጸዳ ሰውም መድቡ፤ አንድ ጉቶ ከተሰነቀረበት የወቅቱ ጉዞ ያበቃል። የመስኖ ቦዩ አፍ ላይ ደግሞ ጠባብ ወንፊት አድርጉ፤ ወደ ጣና የሚወርደው የዓሣ ጫጩት ማሳ ላይ እንዳይቀር።

በርብ ወንዝ ላይ ለተሠራው ትልቁ ግድብ ግን ይህ መተላለፊያ አያዋጣም። ከ70 ሜትር በላይ ስለሆነ ከ460 በላይ ገንዳ ይጠይቃል። ዓሣው ቢወጣ እንኳ ጫጩቱ ያንን የተኛ ውኃ አቋርጦ መመለስ አለበት። እዚያ የሚሻለው በክረምት በቂ ውኃ መልቀቅና ከግድቡ በታች ያሉትን ገባሮች ሳይነኩ መተው ነው። የእናንተ ገባር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሦች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሩብ ገደማ ሲወርዱ የርብ ግድብ አልነበረም፤ ወንዝ አፍ ላይ ለመራባት የተሰበሰበውን በመረብ ማፈስ ነበር ዋናው ጥፋት። ግንቡ ሥርም ዓሣው እንዲሁ ይከማቻል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በአካባቢው መረብ እንዳይጣል ከቀበሌው ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። ውኃውን የሚያገኘው አርሶ አደር ከላይ፣ ዓሣ የሚያጣው አሥጋሪ ከታች ነው፤ ሁለቱም ስብሰባው ላይ ይገኙ።

ንድፉን ላክልኝ፤ የግንቡን ቁመትና ከክረምት በኋላ ያለውን ዝቅተኛ የውኃ መጠን ጨምረህ። ገንዳዎቹን አስልቼ በሳምንት ውስጥ እመልስልሃለሁ። እማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ወዳጅህ