ጉዳዩ፦ የአንጎል ደም መልስ ሥሮች ማስተማሪያ ሞዴል እንዲታረምልን ስለመጠየቅ

ለሕክምና ትምህርት መርጃ ሞዴሎች አቅራቢ ድርጅት
ለሽያጭና ጥራት ቁጥጥር ክፍል

ከድርጅታችሁ የገዛናቸው 6 የራስ ቅልና የአንጎል ሞዴሎች ከነመግለጫ ጽሑፋቸው ደርሰውናል። ፕላስቲኩም ሆነ አያያዡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ደም መልስ ሥሮቹ የተሠሩበት ቦታ የተሳሳተ በመሆኑ ልናስተምርባቸው አልቻልንም።

ከሁሉ የከፋው ብሪጂንግ ቬይን የሚባሉት ደም መልሶች ጉዳይ ነው። እነዚህ ሥሮች ከአንጎል ገጽ ተነሥተው አራክኖይድን (ስሱን የአንጎል ሽፋን) ያልፉና በዱራ (ከአጥንቱ ሥር ባለው ጠንካራ የአንጎል ሽፋን) ውስጠኛ ገጽ በኩል ወደ ላይኛው ሳጂታል ሳይነስ (በዱራ ውስጥ ወዳለ የደም መልስ ቦይ) ይገባሉ። በሞዴሉ ላይ ግን ከዱራ ውጭ፣ ከአጥንቱ ሥር ተለጥፈዋል። መግለጫውም በዚያው ስሕተት ቀጥሎ፣ ኤፒዱራል (በአጥንቱና በዱራ መካከል ያለ) የደም መፍሰስ የሚመጣው እነዚህ ሥሮች ሲቀደዱ ነው ይላል። እነዚህ ሥሮች ሲቀደዱ የሚከተለው ሰብዱራል (ከዱራ ሥር ያለ የደም መፍሰስ) ነው። አንጎላቸው በዕድሜ በሟሸሸ አረጋውያን ሥሮቹ ስለሚወጠሩ ቀላል ምት ይበቃቸዋል፤ የደም መልስ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑም ደሙ ቀስ ብሎ ይጠራቀምና ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ኤፒዱራል በአብዛኛው የሚከሰተው ከጆሮ ግንድ በላይ ያለው ስስ አጥንት ተሰብሮ መካከለኛውን የመኒንጅስ (የአንጎል ሽፋኖች) ደም ቅዳ ሲቀድ ነው። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በሲቲ ስካን ሰብዱራሉ እንደ ማጭድ ቀጥኖ የአጥንት መጋጠሚያዎችን አልፎ ይሄዳል፤ ኤፒዱራሉ እንደ ምስር ፍሬ ያብጥና ዱራ አጥብቆ ከተያያዘበት መጋጠሚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። በማጅራት በኩል አጥንት ተሰብሮ ትራንስቨርስ ሳይነስ ሲቀደድ ከደም መልስ የሚመጣ ኤፒዱራል እንዳለ እናውቃለን፤ መግለጫው የሚናገረው ግን ስለዚያ አይደለም።

የጋሌን ደም መልስም በሞዴሉ ላይ መድረሻ የለውም። ከታችኛው ሳጂታል ሳይነስ ጋር ተገናኝቶ ቀጥተኛውን ሳይነስ መፍጠር ነበረበት። ከታላመስ (በአንጎል መሃል ግራና ቀኝ ካለው ክፍል) ደም የሚያወጡት ጥልቅ ደም መልሶች ወደዚሁ ስለሚገቡ፣ መስመሩ በረጋ ደም ሲዘጋ ሁለቱም ታላመሶች የሚያብጡበትንና አንዳንዴም የሚደሙበትን ምክንያት ተማሪው በዚህ ሞዴል ሊከታተል አይችልም። ሲግሞይድ ሳይነስም እንደ ደም ቅዳ ቀይ ተቀብቷል፤ ሰማያዊ ይሁን።

ስለዚህ ተነቃዩ የዱራ ክፍል ለ6ቱም ሞዴሎች ተተክቶ መግለጫውም ታርሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲላክልን እንጠይቃለን። ስድስቱን ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ናሙና ላኩልን፤ ሥሮቹ ዱራን የሚያልፉበትን ቦታ አይተን በጽሑፍ እናረጋግጣለን። ይህ ካልሆነ ዕቃውን መልሰን ክፍያችንን እንቀበላለን። ይህንኑ ሞዴል ለገዙ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ስሕተቱን ዛሬውኑ አሳውቋቸው።

ከሰላምታ ጋር
የአናቶሚ ትምህርት ክፍል መምህራን