የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «አቤት» ማለትና ዝግጁ መሆን

የኮምፒውተር ክበብ ዘንድሮ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተውጣጡ 24 አባላት ነበሩት። በስድስት ቡድን ተከፍለው በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሠርተዋል። የዓመቱ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ በሦስት ትናንሽ ሰርቪሶች (ለብቻቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ከፋፍሎ ማስኬድና ሰርቪሶቹ ያለ ሰው እገዛ እንዲፈላለጉ ማድረግ። «መጻሕፍት» የተባለው ሰርቪስ ምን መጽሐፍ እንዳለ ያውቃል፤ «ውሰት» ማን ምን እንደወሰደ ይመዘግባል፤ «ማስታወሻ» ቀኑ ላለፈበት ተማሪ መልእክት ይልካል። እያንዳንዳቸው በሁለት ቅጂ ይሠራሉ። ቅጂ ስንል የፕሮግራሙን ነው፤ የመጽሐፍ ቅጂ ማነስ ሌላ ክበብ ይመለከታል።

ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አንድ ፕሮግራምና አንድ ዳታቤዝ ይበቁ ነበር። ነገር ግን በትልልቅ የክላውድ ሲስተሞች ውስጥ በመቶዎች ቅጂ የሚደርሰው ችግር በስድስት ቅጂም ያው ስለሆነና በስድስቱ ላይ በዓይን መከታተል ስለሚቻል ሥራው ተመርጧል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አድራሻን በእጅ በመጻፍ አለፉ። በየኮምፒውተሩ የስምና አድራሻ ዝርዝር በሚይዘው ሆስትስ ፋይል ውስጥ የሰርቪሱ ስምና አይፒ አድራሻ ይገባል። ኢንተርኔትም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር፤ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ እ.ኤ.አ. በ1983 ተነድፎ ቦታውን እስኪወስድ ድረስ የስም ዝርዝሩ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሚጠበቅ አንድ ፋይል ነበር። ችግሩ ቶሎ ታየ። አንድ ኮንቴይነር (የፕሮግራሙ ቅጂ ተነጥሎ የሚሠራበት ጥቅል) ወድቆ ሲነሣ አዲስ አድራሻ ይዞ ይነሣል፤ ፋይሉ ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። አራት ኮምፒውተር ላይ አራት ፋይል ማረም ያሰለቻል፤ ሦስቱን አርሞ አንዱን መርሳት ደግሞ ግማሽ ቀን ያባክናል፣ ምክንያቱም ሲስተሙ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም።

ስለዚህ የሰርቪሶቹን ስምና አድራሻ መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ገባ። የተመረጠው ሃሺኮርፕ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኮንሱል ነው። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የኮንሱል ወኪል የሆነ አንድ ኤጀንት ይሠራል፤ ከአራቱ በሦስቱ ላይ ኤጀንቱ የሰርቨርነት ሥራም አለው። ለምን ሦስት? ሰርቨሮቹ የሚወስኑት በአብላጫ ድምፅ ነው። ሦስት ሲሆኑ አብላጫው ሁለት ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል። አምስት ሲሆኑ ሁለት ቢወድቁ ይቻላል። ሁለት ሲሆኑ ግን አብላጫው ሁለቱም ስለሆኑ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይቆማል፤ ከአንድ ሰርቨር የባሰ ነው፣ ሊወድቅ የሚችል ዕቃ በእጥፍ ጨምሮ ያገኘነው ነገር የለምና። አራትም ከሦስት አይሻልም፤ የሚችለው የአንድ ሰርቨር መውደቅ ብቻ ነው። ይህን ስሌት የ9ኛ ክፍል ቡድን ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ሳይጠፋ ሁለት ወር ቆይቷል።

ኮንሱል የሚጠቀምባቸውን ፖርቶች (የግንኙነት በር ቁጥሮች) ማወቅ ያስፈልጋል፦ 8500 ለኤችቲቲፒ፣ 8600 ለዲኤንኤስ፣ 8301 ኤጀንቶቹ ለሚነጋገሩበት፣ 8300 ለሰርቨሮቹ። ስህተት የሚበዛው 8301 ላይ ነው። በፋየርዎል ላይ ከሁለቱ የመረጃ መላኪያ ደንቦች ለቲሲፒ ብቻ ተከፍቶ ለዩዲፒ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ «አለ»፣ «የለም»፣ «አለ» እያለ ይዋልላል። ሎጉን (ፕሮግራሙ የሆነውን የሚጽፍበትን ፋይል) ላነበበ ሰው መልሱ እዚያው አለ፦ በቲሲፒ ደርሼዋለሁ፣ በዩዲፒ ግን አልመለሰም ይላል። ሎግ ሳያነቡ ኬብል መቀየር የጀማሪ ሁሉ ጠባይ ነው።

መዝገቡ ከተተከለ በኋላ የዓመቱ ዋና ጥያቄ መጣ፦ አንድ ቅጂ «ደህና ነው» የሚባለው መቼ ነው?

መምህር ስም ሲጠራ «አቤት» ያለ ተማሪ ክፍል ውስጥ አለ ማለት ነው፤ የቤት ሥራውን ሠርቷል ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚያስከትሉት እርምጃም የተለያየ ነው። ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ የሚባለው ሶፍትዌር ሁለቱን ለይቶ ስም ሰጥቷቸዋል። ላይቭነስ «አለህ?» ይላል፤ መልስ ካጣ ኮንቴይነሩን ገድሎ እንደገና ያስነሣል። ሬዲነስ «ሥራ ልላክልህ?» ይላል፤ መልስ ካጣ ማንንም አይገድልም፣ ቅጂውን ሥራ ከሚላክላቸው ዝርዝር ያወጣዋል እንጂ። ሁለቱን በአንድ አድራሻ የሚያስጠይቅ ሰው ጉንፋን የያዘውን ተማሪ ከትምህርት ቤት እንደሚያባርር ነው።

የክበቡ የመጀመሪያ ምርመራ በስክሪፕት የተሠራ ነበር። ኮንሱል የስክሪፕቱን መውጫ ቁጥር ያያል፦ 0 ከሆነ ደህና፣ 1 ከሆነ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላ ማንኛውም ቁጥር ከሆነ አደጋ። ስክሪፕቱ ከርል በሚባለው ፕሮግራም ሰርቪሱን ይጠይቃል። «ውሰት» ለእያንዳንዱ ጥያቄ 500 ስህተት (ሰርቪሱ መበላሸቱን የሚናገር የኤችቲቲፒ መልስ ቁጥር) እየመለሰ ምርመራው አረንጓዴ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከርል መልስ እስካገኘ ድረስ፣ መልሱ ስህተትም ቢሆን፣ በ0 ይወጣል። የኤፍ (-f) አማራጭ ሲጨመርለት ነው ከ400 ጀምሮ ያለውን መልስ እንደ ውድቀት ቆጥሮ በ22 የሚወጣው። ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፦ ስክሪፕቱ በመጨረሻው መስመር ላይ ጽሑፍ የሚያትም ትእዛዝ ካለው፣ ኮንሱል የሚያየው የዚያን ትእዛዝ መውጫ ቁጥር ነው፤ ማተም ደግሞ ሁልጊዜ ይሳካል። ስክሪፕቱን ትተው በኮንሱል በራሱ የኤችቲቲፒ ምርመራ መጠቀም ይሻላል፤ በ200ዎቹ ያለ መልስ ደህና፣ 429 ማስጠንቀቂያ፣ የቀረው አደጋ ነው። የስክሪፕት ምርመራ ሳይፈቀድለት የማይሠራውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ 8500 ለሁሉም ክፍት በሆነበት ኔትወርክ ላይ ከተፈቀደ፣ ማንም ሰው «ምርመራ ነው» ብሎ የፈለገውን ትእዛዝ ማሽኑ ላይ ማስኬድ ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። «መጻሕፍት» በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ በ127.0.0.1 (ኮምፒውተሩ ራሱን ብቻ በሚጠራበት አድራሻ) ብቻ እንዲያዳምጥ ተደርጎ ነበር። ኤጀንቱ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ሲጠይቅ ወዲያው መልስ ያገኛል፤ መዝገቡም ደህና ነው ይላል። ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣው «ውሰት» ግን ግንኙነቱ እምቢ ይለዋል። መርማሪው የቆመበት ቦታ ተጠቃሚው የቆመበት ካልሆነ ምርመራው ስለ ተጠቃሚው ምንም አይናገርም። ማረሚያው ሰርቪሱ በሚመዘገብበት አድራሻ ላይ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ ምርመራውንም በዚያው አድራሻ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ስህተት «ማስታወሻ» ላይ በተሞከረው የምርመራ ዓይነት ያለ ነው። እዚህ ኤጀንቱ አይጠይቅም፤ ሰርቪሱ ራሱ በየ10 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል፣ 30 ሰከንድ ዝም ካለ እንደወደቀ ይቆጠራል። «አለሁ» የሚለው ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ በራሱ የሚሮጥ ሥራ) ለብቻው ሲሆን መልእክት የሚልከው ትሬድ ተጣብቆ ቢቀርም «አለሁ» ማለቱ አይቋረጥም። ለቀረ ጓደኛው «አቤት» የሚል ተማሪ ማለት ይህ ነው። መፍትሔው «አለሁ» የሚለው ቃል በሥራው ዑደት ውስጥ ራሱ እንዲነገር ማድረግ ነው፤ ሥራው አንድ ዙር ሲጨርስ ይላል፣ ካልጨረሰ አይልም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ያው ሲስተም በሚኒኩብ (ለመለማመጃ በሚሆን ትንሽ ኩበርኔቲስ) ወደ ኩበርኔቲስ ተዛወረ። የኩበርኔቲስ ምርመራ ሳይነካ ሲተው በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ መልስ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ነው፣ በተከታታይ 3 ጊዜ ሲወድቅ እርምጃ ይወስዳል። የ12ኛ ክፍል ቡድን እነዚህን ቁጥሮች ወደ ጊዜ ለወጣቸው። አንድ ቅጂ ልክ ምርመራ እንዳለፈ ቢደርቅ፣ ውድቀቶቹ በ10፣ በ20 እና በ30ኛው ሰከንድ ይመዘገባሉ፤ የመጨረሻው 1 ሰከንድ ሲጨመር ውሳኔው በ31ኛው ሰከንድ ነው። ምርመራ ሊደርስ ሲል ቢደርቅ ደግሞ በ21ኛው አካባቢ። ስለዚህ እስከ ግማሽ ደቂቃ ድረስ መዝገቡ የሞተ አድራሻ ይሰጣል። ደዋዩ (ሰርቪሱን የሚጠይቀው ፕሮግራም) አድራሻውን ካሽ ካደረገ፣ ማለትም ለጊዜው ይዞ ካቆየ፣ ያ ጊዜ በላዩ ይጨመራል። «በየሰከንዱ ይጠየቅ» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል፤ ነገር ግን 50 ሎድ ባላንሰር (ሥራ አከፋፋይ) እያንዳንዱ 200 ቅጂ በየሰከንዱ ቢጠይቅ በሰከንድ 10,000 ምርመራ ነው፣ አንድም ተጠቃሚ ሳይመጣ። ዝርዝሩ ሁልጊዜ ትንሽ ያረጀ መሆኑን ተቀብሎ ደዋዩ አጭር ታይምአውት (መልስ የሚጠብቅበት ገደብ) እንዲኖረውና አንድ ጊዜ በሌላ ቅጂ እንዲሞክር ማድረግ ይረክሳል። ድጋሚ መሞከር መረጃ ብቻ ለሚያነብ ጥያቄ ነው፤ ውሰት ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ጥያቄው የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

«መጻሕፍት» ሲነሣ ዝርዝሩን በሙሉ ወደ ሚሞሪ ስለሚጭን ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ላይቭነስ ግን ግማሽ ደቂቃ ሳይጠብቅ ይገድለዋል። ይነሣል፣ ይገደላል፣ ይነሣል። ኩበርኔቲስም በየመካከሉ የሚጠብቀውን 10፣ 20፣ 40 ሰከንድ እያለ እስከ 5 ደቂቃ ያራዝመዋል፤ የሚያየው ሰው ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም። ስታርትአፕ የሚባለው ምርመራ በየ10 ሰከንዱ እስከ 12 ጊዜ እንዲሞክር ሲደረግ 120 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ እሱ እስኪያልፍ ድረስ ሌሎቹ ሁለቱ አይጀምሩም።

ከሁሉ ብዙ ሰዓት የወሰደው የዳታቤዙ ጉዳይ ነው፤ መውሰዱም ተገቢ ነው። «ውሰት» ላይቭነስ ሲጠየቅ ዳታቤዙን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ጥንቃቄ ይመስላል። ዳታቤዙ በሥራ ብዛት ከ1 ሰከንድ በላይ ሲዘገይ ግን ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ይወድቃሉ፣ እኩል ይገደላሉ፣ እኩል ይነሣሉ፤ ሲነሡ ደግሞ ግንኙነታቸውን ሁሉ በአንዴ ዳታቤዙ ላይ ይከፍታሉ። የደከመውን ዳታቤዝ የሚጥለው ይህ ነው። ዳታቤዝ ሲታመም «ውሰት»ን መግደል የሚፈይደው ነገር የለም። ስለዚህ ላይቭነስ ሂደቱ ራሱ መንቀሳቀሱን ብቻ ይጠይቅ። ሬዲነስ ያ ቅጂ ብቻውን የሚያስፈልገውን ይጠይቅ፦ ዝርዝሩ ተጭኗል? የራሱ ወረፋ አልሞላም? ሁሉም የሚጋሩትን ነገር ውድቀት ሬዲነስ ውስጥ ማስገባትም ሁሉንም ቅጂ በአንዴ ከዝርዝር ያስወጣል፤ ተጠቃሚው «ዳታቤዙ አልመለሰም» የሚል ግልጽ መልስ ከማግኘት ይልቅ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ይህን ፍርሃት የሲስተም ሠሪዎችም ያውቁታል። የኔትፍሊክስ የሰርቪስ መዝገብ የሆነው ዩሪካ በየ30 ሰከንዱ የሚጠብቃቸው «አለሁ» የሚሉ መልእክቶች ከ85 በመቶ በታች ሲወርዱ ማንንም ከመዝገብ ማውጣት ያቆማል። ጥያቄዎችን ለቅጂዎች የሚያከፋፍለው ኤንቮይም ከቅጂዎቹ ደህና የሆኑት ከ50 በመቶ ሲያንሱ ምርመራውን ችላ ብሎ ለሁሉም ይልካል። ክፍሉ በሙሉ ትኩሳት አለው ከተባለ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ ይታይ።

ዲኤንኤስ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ተራው መልስ አይፒ እንጂ ፖርት አይሰጥም፤ ፖርቱን የሚሰጠው ኤስአርቪ የሚባለው መዝገብ ነው፣ ብዙ የኤችቲቲፒ ላይብረሪዎች ግን እሱን አይጠይቁም። እንዲሁም አንዴ የተከፈተ ግንኙነት እስካልተዘጋ ድረስ ደዋዩ ስሙን ደግሞ አይጠይቅም፤ አዲስ የተጨመረው ቅጂ ያለ ሥራ የሚቀመጠው በዚህ ነው። ለግንኙነት የዕድሜ ገደብ መስጠት ይፈታዋል።

ስለ አዘጋግም እንዲሁ ሥርዓት አለ። ኩበርኔቲስ ፖድን (ኮንቴይነሩን የያዘውን ክፍል) ሲያሰናብት የመዝጊያ ምልክቱን መላክና ከዝርዝር ማውጣትን ጎን ለጎን ያስኬዳቸዋል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ምልክቱን እንዳየ ወዲያው የሚዘጋ ፕሮግራም ዜናውን ያልሰሙ ደዋዮችን በር ላይ ያስቀራል። ከመዝጋቱ በፊት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መቆየት፣ የጀመረውን መጨረስ፣ ከዚያ መውጣት ነው። መቆየቱም ሆነ መጨረሱ በ30 ሰከንዱ የስንብት ጊዜ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ካለፈ ሂደቱ በኃይል ይገደላል፣ መውጫ ቁጥሩም 137 ይሆናል። ሎግ ላይ 137 ሲታይ ሚሞሪ አልቆ ሊሆን ስለሚችልም ሁለቱን ሳይለዩ መፍረድ አይገባም።

ያልተሠራው የፈቃድ ጉዳይ ነው። የኮንሱል የፈቃድ ቁጥጥር ሆን ተብሎ ካልተከፈተ ኔትወርኩ ላይ ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር «ውሰት እኔ ነኝ» ብሎ መመዝገብ ይችላል፤ የጤና ምርመራውንም ያለ ችግር ያልፋል፣ ጤነኛ ነውና። ይህ ለሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት ተይዟል፤ እስከዚያው የክበቡ አራት ኮምፒውተሮች ከትምህርት ቤቱ ኔትወርክ ተነጥለው በራሳቸው ስዊች ላይ ይቆያሉ።