የሕይወት ታሪክ እንደ እድር ይጻፍልን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ይኸው ሆኗል። መዋጮ እመዘግባለሁ፣ ቀሪ እይዛለሁ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ገጽ ጀምሬ ነው የማነበው። የታዋቂ ሰዎችን ታሪክ የምታወጡት እዚያ ነዋ! ቅሬታዬም በዚሁ ገጽ ላይ ነው።

አንድ ዘፋኝ ሲያርፍ ወይም ሙት ዓመቱ ሲደርስ የምትጽፉት ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ከልጅነቱ ጀምሮ የሙዚቃ ፍቅር ነበረው።» «ተወዳጅና ተናፋቂ።» «የማይተካ።» ከዚያ የዘፈን ዝርዝር፣ ከዚያ ነፍስ ይማር። ሰውየውን ማን ቀጠረው? ደመወዙን ከየት ይቀበል ነበር? አለቃው ማን ነበር? ወፍ የለም።

እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይዤ ብቀርብ አያስጨርሱኝም። ባለፈው ክረምት አንድ የአንበሳ አውቶቡስ ጡረተኛ አረፉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ ባለቤታቸው ልቅሶውን ገታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ሹፌር ከመሆኑ በፊት ጋራዥ ነው የሠራው። መካኒክ ነበር። እሱ ካልተነበበ የጋራዥ ጓደኞቹ ምን ይሉናል?» አሉኝ። ከጎናቸው የነበሩት የሟች ታላቅ ወንድም ደግሞ ጋራዥ ያስቀጠራቸው ሰው ስሙ እንዲጠራ ፈለጉ። ሁሉም ገባ። አንድ ገጽ ተኩል ወጣው። ቄሱ ትንሽ ተቁነጠነጡ እንጂ የቀረ ነገር አልነበረም።

አሁን የጥላሁን ገሠሠን ታሪክ ልውሰድ። እሱን የመረጥኩት ብዙ ስለተጻፈለት ነው። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ተወለደ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ። ይቺ ግጥምጥሞሽ አትዘለልም። ታምራለች፣ ትጻፍ። የሚጎድለው መሀሉ ነው።

ጥላሁን ወሊሶ አድጎ አዲስ አበባ መጣ። ሀገር ፍቅር ገባ። ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛ ተዛወረ። እናንተ ይህንን በአንድ መስመር ታልፉታላችሁ፤ አንባቢው ከአንድ መድረክ ወደ ሌላ መድረክ የሄደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሀገር ፍቅር ማኅበርን በ1927 ዓ.ም. ያቋቋሙት መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። ጣሊያን ሊገባ ጦሩን እያስጠጋ ነበር፤ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነሣሣት ነው ያቋቋሙት። በኋላ ትልቅ ሚኒስትር ሆኑ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ወንድምም ናቸው። ክብር ዘበኛ ደግሞ የንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው። አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። ኦርኬስትራው የዚህ ጦር አካል ነው። ዘፋኙም፣ ጥሩምባ ነፊውም የሚተዳደሩት በጦሩ ሥር ነበር። በነገራችን ላይ አበበ ቢቂላም የዚያው ጦር ወታደር ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ።

ሦስት ወር ቆይቶ ታኅሣሥ መጣ። ንጉሡ ብራዚል ናቸው። ጄኔራል መንግሥቱና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ በክብር ዘበኛ ጦር መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሚኒስትሮችና መኳንንት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ ታገቱ። ነገሩ ሲከሽፍ ታጋቾቹ በጥይት ተደበደቡ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ እዚያ አለቁ። መኮንን ሀብተ ወልድም እዚያው ተገደሉ።

እስቲ ይህንን ከጥላሁን ጎን አስቀምጡት። መጀመሪያ የዘፈነበትን ቤት ያቆሙት ሚኒስትር፣ በኋላ የቀጠረው ጦር አዛዥ በመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሞቱ። ጄኔራሉም መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ጥላሁን ራሱ ከግርግሩ በኋላ ታስሯል። የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ከዚህ በላይ ታሪክ ከየት ይመጣል? እናንተ ግን «በ1953ቱ ግርግር ለአጭር ጊዜ ታስሮ ነበር» ብላችሁ ወደ ፍቅር ዘፈኖቹ ትሄዳላችሁ።

የፖለቲካ ገጻችሁም ያው ነው። ስለ መኮንን ሀብተ ወልድ ስታወጡ የሚኒስቴሮቹ ስም ይደረደራል፣ ሀገር ፍቅር ግን አይነሣም። በኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ደግሞ የሀገር ፍቅር መሥራች ተብለው ይመሰገናሉ፣ እንዴት እንደሞቱ አይነገርም። ሰውየው ሁለት ሰው ሆነው ቀሩ። ግርማሜ ንዋይም እንዲሁ ነው። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መማሩ ይጻፋል። ወላይታ አስተዳዳሪ ሆኖ ለጭሰኛው መሬት ሲሰጥ ባላባቱ መጮሁ፣ ከዚያም ወደ ጅጅጋ መዛወሩ ነው ቁም ነገሩ። እሱ በግማሽ መስመር ያልቃል። ዲግሪው ከሥራው ይበልጣል እንዴ?

ሌላው የዓመተ ምሕረት ጉዳይ ነው። ይሄ እንኳን ያናድዳል። አንዳንዱ ጽሑፋችሁ ከፈረንጅ መጽሐፍ የተገኘ ነው መሰለኝ፣ «በ1940 ተወለደ» ይልና ቀጥሎ «በ1953 ታሰረ» ይላል። የመጀመሪያው የፈረንጅ፣ ሁለተኛው የእኛ ነው። ይህንን ያመነ አንባቢ ጥላሁን በአሥራ ሦስት ዓመቱ የታሰረ ይመስለዋል። በእኛ እድር የልደት ዘመን ሲሳሳት ከታላቅየው በፊት ታናሽየው ተወልዶ ይገኛል፤ ሳቅ በልቅሶ ቤት አያምርም። «እ.ኤ.አ.» ለመጻፍ አራት ሰኮንድ አይፈጅም።

ከኋላ የቆሙትም ይጠሩ። ሣህሌ ደጋጎ ለክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ስንቱን ዜማ ደርሶ አቀናብሯል። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት ስንቱን ሙዚቀኛ አስተምሯል። የዘፋኙ ፎቶ ግማሽ ገጽ ሲይዝ ለእነሱ አንድ መስመር ይጠፋል?

ሁሉንም አላማርርም። ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ያወጣችሁትን ቆርጬ አስቀምጫለሁ። መርካቶ ማደጉ፣ ጫማ መጥረጉ፣ አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ አንድ ማታ ዘፋኝ ሲጠፋ መድረክ ላይ መውጣቱ፣ ከዚያ ክብር ዘበኛ መግባቱ፣ ሁሉም አለበት። ልጄ እንኳን እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ጋዜጣ የምትነካው ለመስኮት መወልወያ ነበር። ለምን አነበበችው? ሰውየው ሲሠራ ስለሚታይ ነው። ጫማ የጠረገ እጅ፣ ዕቃ ያነሣ ትከሻ አለበት።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። በእድራችን ውስጥ የክብር ዘበኛ ጡረተኞች አሉ። በየአንዳንዱ ሠርግና ልቅሶ ላይ የሚያወሩት ነገር በጋዜጣችሁ ወጥቶ አላየሁም። በኦርኬስትራው ማን ምን እንደሚጫወት፣ ማን በየትኛው ማዕረግ እንደነበረ፣ ልምምድ ያረፈደ ምን እንደሚቀጣ እስካሁን ይናገራሉ። ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ ይኖራሉ፣ እሱን ጠይቆ ነው። ጋዜጠኛ ላኩልን። እኔ አስተዋውቃለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ይመረጣል፤ ከምሳ በኋላ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ፣ የቀሩት ደግሞ እርስ በርስ ይከራከሩና ማን ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። ድምፅ መቅጃ ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የእድር ጸሐፊ፣ ከጉለሌ