ብራይተን ከመሄድሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ብራይተን እንደምትሄዱ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። ግን ባሕሩን ብቻ አይተሽ እንዳትመለሺ፤ የባሕር እንስሳት በገንዳ የሚታዩበት አኳሪየሙም ግቢ።

እኔ የሄድኩት ዓሣ ለማየት ነበር። ቀልቤን የወሰደው ግን ቤቱ ነው። በፈረንጆቹ 1872 የተከፈተ ነው፤ ዛሬም በሥራ ላይ ካሉ አኳሪየሞች በዕድሜ የሚስተካከለው የለም። ዩጂኒየስ በርች የሚባል መሐንዲስ ነው የሠራው። ከውጭ ስታዪው «ይሄ ነው እንዴ?» ማለትሽ አይቀርም፤ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነዋ የተሠራው። ደረጃውን ከወረድሽ በኋላ ግን ሌላ ነው። የድንጋይ ዓምዶች፣ ቅስት ጣሪያ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ ግራና ቀኝ ገንዳዎች። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ድምፄን ቀነስኩ። ሰዉ ሁሉ ሻርክ ፍለጋ ይሮጣል። አንቺ መጀመሪያ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ።

ኦክቶፐስ ካገኘሽ ደግሞ ቆም በይ። በ1870ዎቹ እዚሁ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ። ከአንዱ ገንዳ ትናንሽ ዓሦች እየጎደሉ አስቸገሩ። ሌባው ማን ይሁን? ለካ የጎረቤት ገንዳው ኦክቶፐስ ነው! ሌሊት ከገንዳው ወጥቶ ይሻገራል፣ እራቱን ይበላል፣ ሲነጋ እንዳልሰማ ቤቱ ይገኛል። አንድ ቀን ሳይመለስ ነጋበትና እዚያው ዓሦቹ መሃል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ስምንት ክንድ ላለው ሌባ፣ እጅ ከፍንጅ መባሉም ያስቀኛል።

ደስ የማይል ታሪክም አለው። ድሮ ዶልፊኖች ትርኢት ያሳዩበት ነበር። ተቃውሞ በዛና ቀረ። በ1991 ሚሲና ሲልቨር የተባሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ዶልፊኖች ወደ ካሪቢያን ተወስደው ባሕር ውስጥ ተለቀቁ። ይሄን ሳነብ እሰይ አልኩ።

ትኬቱን በኢንተርኔት ቀድመሽ ቁረጪ። ፎቶ ስታነሺ ፍላሹን አጥፊ። ጃኬት ያዢ፣ የዚያ ባሕር ነፋስ በጋም ክረምትም አያውቅም።

ስትወጪ ፊትሽን ወደ ባሕሩ አዙረሽ በስተቀኝ ዳርቻውን ይዘሽ ሂጂ። ውኃው ላይ የቆመ የብረት አጽም ታያለሽ። ዌስት ፒየር ይባላል፤ ሰው እየተራመደ ባሕሩ ላይ የሚዝናናበት ድልድይ መሰል ነገር ነበር። በ1866 የተከፈተ ሲሆን የሠራውም ያው በርች ነው። በ2003 ተቃጥሎ ነው እንዲህ የቀረው። ጥሩ ፎቶ አንሺልኝና ላኪ፤ እኔ ያነሳሁት ላይ የማላውቀው ሰው ጭንቅላት ገብቶበታል።

አባትሽ