ለመልቲሚዲያ ተማሪዎች ቡድን አባላት፦ መስተጋብራዊው ሥራዬ ስላስተማረኝ

ውድ የቡድናችን አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ ቃል በገባሁት መሠረት፣ በዚህ ሴሚስተር ከሠራሁት መስተጋብራዊ ሥራ የተማርሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ሥራው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚታየው ምስል ከፊቱ በሚቆመው ሰው እንቅስቃሴ የሚለዋወጥበት ነው። ፕሮግራሙን የጻፍሁት ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ በጀመሩት፣ ፕሮሰሲንግ በተባለ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ለሥነ ጥበብና ለዲዛይን ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ለጀማሪ አስቀድሜ የምመክረው እርሱን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያደከመኝ ብርሃን ነበር። የተጠቀምሁበት ጥልቀት ለኪ ካሜራ (ከፊቱ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ ካሜራ) የሚሠራው ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ልኮ ከአካል ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን በማንበብ ነው። የፀሐይ ብርሃንም ይህንኑ ጨረር በብዛት ስለሚይዝ፣ ማታ ያለ እንከን ሲሠራ ያመሸው ሥራ በማግስቱ ረፋድ ላይ በመስኮቱ አጠገብ የቆመን ሰው መለየት አቃተው። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ስፈትሽ ከቆየሁ በኋላ፣ መፍትሔው መጋረጃውን መዝጋትና ካሜራውን ከመስኮቱ ማዞር ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ሌላው ጉዳይ መዘግየት ነው። ሰው እጁን ሲያነሣ ምስሉ በ0.1 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከመለሰለት ለውጡን ያመጣው ራሱ እንደ ሆነ ይሰማዋል፤ ሲዘገይ ግን ግንኙነቱ ይላላል። ስለዚህ፣ በጣም የምወደው ቢሆንም፣ በየፍሬሙ (በእያንዳንዱ ተከታታይ ምስል) እየተሰላ ሥራውን ያዘገይ የነበረውን ከባድ የብዥታ ውጤት አወጣሁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያልተጠናቀቁ ሥራዎቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡና፣ ያለ ምንም ማብራሪያ እርስ በርሳችን እንድንሞክራቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።