የሊሊያን ራንዶልፍ ስም ይጻፍ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ልጆችና ስለ ቴሌቪዥን ሲጻፍ ዘወትር የሚነሳው ስንት ሰዓት ይዩ የሚለው ነው። እኔ ስለሚያዩት ነገር ላንሳ። ጉዳዬ የድመቱና የአይጡ ካርቱን፣ የድሮው ቶም እና ጄሪ፣ እንዲሁም ድምጿን የሰጠችበት ሊሊያን ራንዶልፍ ናት።

ካርቱኑን ያየው ሁሉ የቤት ሠራተኛዋን ሴትዮ ያስታውሳታል። የሚታዩት ወፋፍራም ጥቁር እግሮቿ፣ የቤት ጫማዋና መጥረጊያዋ ናቸው። «ቶማስ!» ብላ ስትጮህ ቶም የሚገባበት ይጠፋዋል። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1952 የኤም.ጂ.ኤም. ስቱዲዮ ካርቱኖች ውስጥ ነበረች። ፊቷን ግን አናይም ማለት ይቻላል። ትኩረቱ ድመቱና አይጡ ላይ እንዲሆን ነው ይባላል። ይሁን። ግን የቀረው ነገርስ? ወፍራም፣ ቁጡ፣ አነጋገሯ ለሳቅ ተብሎ የተበላሸ የቤት ሠራተኛ ናት። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ሲኒማ ለጥቁር ሴት የሰጣት ቦታ ይኸው ነበር።

ሌላም አለ። ፈንጂ ሲፈነዳበት የቶም ፊት ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ይተልቃል፣ ጸጉሩም ተቋጥሮ ይቆማል። እኛ አበሾች ጥላሸት መስሎን ስቀናል። ነገሩ ግን ጥላሸት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ ከንፈራቸውን በቀለም አተልቀው፣ ጥቁሮችን መሳቂያ የሚያደርጉበት መድረክ ነበር። ካርቱን የወረሰው ያንን ነው። ዛሬ እዚህ አሜሪካ የምናሳድጋቸው ልጆች ጥቁሮች ናቸው። የሚሳቀው በማን እንደሆነ የማወቅ መብት አላቸው።

«ዘመኑ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን አልቀበልም፤ በዚያው ዘመን የተቃወሙ ሰዎች ነበሩና። የካርቱን ሠሪው ዋልተር ላንዝ በ1941 ሰነፍ ጥቁሮች ብቻ የሚኖሩባትን ከተማ የሚያሳይ ካርቱን ሠርቶ ነበር። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ማኅበር ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. በ1948 ተቃውሞውን አሰማ፤ አሰራጩ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮም በዓመቱ ፊልሙን ከስርጭት አወጣው። ስድቡ ለተሰዳቢዎቹ ያኔም ስድብ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን እርማት ተብሎ የተደረገው ነው። በ1960ዎቹ የቶም እና ጄሪ ፊልሞች ለቴሌቪዥን ሲዘጋጁ ሴትዮዋን ከአንዳንዶቹ አጠፏትና በቦታዋ ቀጭን ነጭ ሴት ሳሉ። ድምፁንም ለሌላ ተዋናይት ሰጡት። የተጠየቀው ጥቁር ሰው በክብር ይሳል ነበር፤ መልሱ ጥቁሯን ማስወጣት ሆነ!

የጠፋው ድምፅ ደግሞ ባለቤት ነበረው። ሊሊያን ራንዶልፍ ትባላለች። በሬዲዮ ድራማ የታወቀች፣ ሲኒማም የሠራች ጥቁር ተዋናይት ናት። ያ ሳቅ ያለ እሷ ድምፅ አይሞቅም ነበር። ስሟ ግን ካርቱኑ ላይ አልተጻፈም። የአዘጋጆቹ የሃና እና የባርቤራ ስም ዓለም ያውቀዋል። የእሷንስ ስንቶቻችን ሰምተናል? በኋላ በ1990ዎቹም በሌላ ጥቁር ተዋናይት ድምፅ ተተካች። ሁለት ጊዜ ተሰረዘች ማለት ነው።

ስለዚህ ተቆርጦ ይጣል አልልም። የፊልም ድርጅቱ ዋርነር ብራዘርስ በ2005 የድሮ ካርቱኖቹን በዲቪዲ ሲያወጣ ጥቁሯን ተዋናይት ዊፒ ጎልድበርግን ቀድማ እንድትናገር አደረገ። መልእክቱም ሥዕሎቹ ያኔም ዛሬም ስህተት ናቸው፣ መደበቅ ግን ጥላቻው አልነበረም ብሎ መካድ ነው የሚል ነበር። ትክክለኛው መንገድ ይኼ ይመስለኛል። ታዲያ ማብራሪያው ዲቪዲውን ለገዛ አዋቂ ብቻ ለምን ይሆናል? ስልክ ላይ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ሲከፈት ለሕፃን የሚነግረው የለም።

ካርቱኖቹን የሚያሰራጩ ድርጅቶች በልጅ ቋንቋ አጭር ማብራሪያ ያስቀድሙ። ዋናውን ድምፅ ይመልሱ። ከርዕሱም ሥር ሊሊያን ራንዶልፍ ብለው ይጻፉ። እናንተም በባህል ዓምዳችሁ ስለ እሷ አንድ ሙሉ ገጽ ብታወጡ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ