እማዬ፣ ስለ መኝታ ቤቱ ኤሲ

ድሬዳዋ፣ የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጾሙንስ እንዴት ይዘሽዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ጨርሶ ሦስተኛ ወጥቷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ማየት ነው፤ ለፋሲካ ስንመጣ ራሷ ታሳይሻለች።

እቴቴ ከቀትር በኋላ ራስሽን አዙሮሽ በረንዳው ላይ እንደተቀመጥሽ ነገረችኝ። አንቺ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ኤሲውም ደህና ይሠራል» አልሽኝ። ኤሲው ግድግዳው ላይ ውኃ ያወርዳል፣ ቱቦው በረዶ ይይዛል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የውጭው ክፍል ያጓራል እንጂ አይነሳም አሉ። ባሕር ዳር ደግሞ ገና ነው፤ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ከፊትሽ ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ አብራሽ ያለችው ልጅ ታንብብልሽ።

ውኃው ቀላሉ ነው። ኤሲ ሲያቀዘቅዝ ከክፍሉ አየር እርጥበት ያወጣል፤ ያ ውኃ በቀጭኑ የላስቲክ ቱቦ ወደ ደጅ መውረድ አለበት። ቱቦው በአቧራና በዝቃጭ ሲደፈን ውኃው መውጫ ያጣና በግድግዳሽ ይወርዳል። ደጅ ያለው ጫፍ ባልዲ ውስጥ ውኃ ተነክሮ ከሆነ ይውጣ። ከዚያ ብሬከሩ ጠፍቶ ቱቦው ይነፋ። መሐል ላይ ጎብጦ ወደ ላይ የተነሳበት ቦታ ካለም ይስተካከል፤ ውኃ ሽቅብ አይሄድም።

በረዶው ሁለት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው የቆሸሸ ፊልትሮ ነው። የፊት ክዳኑን ከሁለቱም ጎን ይዞ ወደ ላይ ማንሳት፣ ሁለቱን መረቦች ማውጣት፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ኦሞ ማጠብ። ውኃው ከጀርባ በኩል ይፍሰስበት፣ አቧራው በመጣበት እንዲመለስ። ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ፣ ላስቲኩ ይጣመማል፤ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ። እርጥቡን መመለስ ሻጋታ ማብቀል ነው። በበጋ አቧራና ከሐይቁ በሚነሳው ትንኝ ምክንያት በየ15 ቀኑ መታጠብ አለበት። በረዶ ከያዘ ደግሞ ማቀዝቀዙን አጥፍታችሁ ማራገቢያውን ብቻ ተዉት፤ በቢላ እንዳትፈነቅሉት፣ ቱቦው ይበሳል።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ በረዶው ከተመለሰ ጋዝ ጎድሏል። ይህን በደንብ ስሚኝ፤ የኤሲ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ያፈሰሰበት ቀዳዳ አለ። አምና የመጣው ባለሙያ ቀዳዳውን ሳይፈልግ ሞልቶልሽ ሄደ፤ ዘንድሮም ይሞላልሽ ይሆናል፣ ገንዘብሽ ግን በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። ትክክለኛ ባለሙያ የመዳብ ቱቦው የሚታሰርባቸውን ዳዶዎች የሳሙና አረፋ ቀብቶ ያያል፤ አረፋው የሚነፋበት እሱ ነው።

የማጓራቱ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከካፓሲተር ነው፤ ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋውን ሞተር፣ የሚያስነሳው ትንሹ ጣሳ። ዋጋው ከኮምፕረሰር ጋር አይወዳደርም፤ ቶሎ ካልተቀየረ ግን ኮምፕረሰሩን ያቃጥላል። የሰፈር ልጅ በካቻቢቴ እንዳይነካው እለምንሻለሁ፤ መብራት ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳይሞላ ኤሲውን አታብሩት። ግፊቱ ሳይወርድ ሲነሳ ነው የሚጎዳው።

ይህን ሁሉ ብናደርግም ግን እማዬ፣ ይህ ኤሲ መቀየር አለበት። የሚሠራበት ጋዝ አር-22 ነው፤ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት እየቀረ ያለ ጋዝ ነው። አዲሱን አር-410ኤ ሙላበት የሚልሽ ቢመጣ እምቢ በዪው፤ ግፊቱ በጣም ይበልጣል፣ ያሮጌው አካል አይችለውም።

አባዬ ያስገባው ነው ብለሽ እንደምትሳሺለት አውቃለሁ። እኔም ያንን ክፍል ሳስብ ሌላ ነገር ነው የሚመጣብኝ። ያኔም በየማታው ስደውል «ደህና ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ልጆችህን ይዘህ ሥራህን ሥራ» ትዪኝ ነበር። አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ፤ መርዶዬን እንደ ባዳ ሰማሁ። ለእኔ አስበሽ እንደሆነ አላጣሁትም፣ አልፌውም አላውቅም። ስለዚህ አሁን «ደህና ነኝ» ስትዪኝ አላምንሽም። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን ሌላ ቃል የለኝም።

የአባዬን ከነቀልን የሚከፋሽ ከሆነ የውስጠኛው ሳጥን እዚያው ይቀመጥ። ጋዙ በባለሙያ ወደ ሲሊንደር ይቀዳ፣ ሜዳ ላይ እንዳይለቀቅ። አዲሱን በመስኮቱ በኩል እንስቀለዋለን፣ አልጋሽ ላይ በቀጥታ እንዳይነፋ። ክፍልሽ 3 በ4 ሜትር ስለሆነ ባለ 9,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) ኢንቨርተር፣ ማለትም ፍጥነቱን ራሱ የሚያስተካክል ኤሲ፣ ይበቃል። ባለ 18,000 ቢሸጡልሽ እንዳትቀበዪ፤ ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል። የውጭው ክፍል የምዕራብ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ወደ ሰሜኑ ይዛወር፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ገጣሚው ቫኪዩም ፓምፕ፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር የሚመጥ መሣሪያ፣ ከሌለው አታስገቢው፤ ቱቦው ውስጥ አየርና እርጥበት ከቀረ አዲሱም ዕድሜ የለውም። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክልና መብራት ሲመለስ ኤሲውን አዘግይቶ የሚያስነሳ ስታብላይዘር ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።

ኤሲውን 26 ዲግሪ ላይ አድርጊው፣ ከቀትር እስከ ማታ። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ወንፊት ያለውን መስኮት መክፈት ይበቃል፤ አጎበሩ ግን ይዘርጋ፣ ወባው አለ። የመብራቱን ሂሳብ አታስቢ፣ በሰዓት ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ። ይልቅ ቆርቆሮው ሥር ያለው ኮርኒስ ተቀዶ ከሆነ አሁኑኑ ይጠገን፤ ሙቀቱ በብዛት የሚወርደው ከዚያ ነው።

የምትወስጂው የደም ግፊት ኪኒን የሚያሸና ነው። በሙቀት እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ለአንቺ አይሆንም። ለሐኪሙ ንገሪው፣ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው፤ ለታመመ የሚፈቅዱትን እሳቸው ያውቃሉ።

እሑድ ስደውል የሰሜኑን ግድግዳ ፎቶ ልጅቷ ትላክልኝ። አንቺ ደግሞ ደም ግፊትሽን ተለክተሽ ሁለቱንም ቁጥር፣ የላይኛውንም የታችኛውንም፣ እንደተጻፈ አንብቢልኝ።

ልጅሽ